ከአርባው ሰደቃ በፊት የቲሙን እናስብ

 

ሰው ሲወለድ፣ ሲያገባና ሲሞት፣ ወቅትም ሲለወጥ ሥርዓት የማይፈጽም ሕዝብ የለም ማለት ይቻላል። የጃፓን ቡድሂስቶች ለሟቻቸው በ49ኛው ቀን ጸሎት ያደርሳሉ፤ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑባቸው የመጋቢትና የመስከረም ቀናትም መቃብር ይጎበኛሉ። እኛ ወሎዬዎችም አርባን እንቆጥራለን፤ ዝናብ ሲጠፋ ለወዳጃ እንቀመጣለን። ለአንድ ሙስሊም ግን ጥያቄው ሥርዓቱ ከየት መጣ፣ ማንንስ ይጠቅማል የሚለው ነው።

ሸሪዓችን የደነገገው ቀላል ነው። ልጅ ሲወለድ በሰባተኛው ቀን ዐቂቃ ይታረዳል፤ ለወንድ ሁለት በግ፣ ለሴት አንድ። ዝናብ ሲዘገይ ኢማሙ ሕዝቡን ወደ ሜዳ አውጥቶ ሁለት ረከዓ የኢስቲስቃእ ሰላት ያሰግዳል። አዝመራ ሲገባ ኒሳብ ከሞላ፣ በዝናብ ከበቀለው አንድ አሥረኛው፣ በሞተር ውሃ እየተሳበ ከለማው አንድ ሃያኛው ለዘካ ይወጣል። የጨረቃ ዓመት ከፀሐዩ በ11 ቀን ገደማ ስለሚያንስም ረመዳን በ33 ዓመት ገደማ በጋውንም ክረምቱንም ይዞራል። የምንገዛው ለወቅቱ ሳይሆን ለወቅቱ ባለቤት ነውና።

የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ኢብራሂም በሞተ ዕለት ፀሐይ ተጋረደች። ሰዎች ለእርሱ ሞት ነው አሉ። እርሳቸው ግን በሐዘን ላይ ሳሉ፣ ፀሐይና ጨረቃ በማንም መሞት ወይም መኖር እንደማይጋረዱ አስተማሩ።

ይህን እንድጽፍ ያስገደደኝ እዚሁ መርሳ ያየሁት ነው። አንድ ጎረቤታችን ሦስት ሕፃናትና ሁለት የእርሻ በሬዎች ትቶ ሞተ። ቅሬው በወግ ቀበረው። አርባው ሲደርስ ባለቤቱ «ሰው ምን ይለኛል» ብላ አንዱን በሬ አሳረደች። በላን፣ ዱዓ አደረግን፣ ተበተንን። እኔም ከበሉት አንዱ ነበርኩ። የእርሻ ወቅት ሲመጣ በአንድ በሬ አይታረስምና መሬቷን ለየእኩል ሰጠች። የዚያ ዓመት እህል ግማሹ ከልጆቹ አፍ ወጣ።

ወንድሞቼና እህቶቼ! በሬው የማን ነበር? የሟች ሀብት የቀብር ወጪው፣ ዕዳውና ኑዛዜው ከተፈጸመ በኋላ የወራሾቹ ነው። የየቲሞች ድርሻ አለበት። የየቲምን ገንዘብ በግፍ የሚበላ በሆዱ እሳት እንደሚበላ በሱረቱ አን-ኒሳእ ተነግሮናል። ጀዕፈር ቢን አቢ ጧሊብ በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ በሙእታ ሸሂድ በሆኑ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያዘዙት ለጀዕፈር ቤተሰብ ምግብ እንዲሠራላቸው ነበር። እኛ ገልብጠነው ሐዘንተኛው እንዲያበላን እንጠብቃለን።

«አባቶቻችን ያቆዩት ነው» የሚሉኝ ይኖራሉ። ሰደቃ ይቅር አላልኩም። ለአካለ መጠን የደረሰ ወራሽ ከገዛ ድርሻው ለሟቹ ሰደቃ ቢያወጣ መልካም ነው። ከሕፃን ድርሻ ግን አይነካም።

የየቅሬው ሽማግሌዎች ሆይ! አርባው ሲደርስ በሬ ከማሳረድ ይልቅ ደቦ ወጥተን የየቲሞቹን ማሳ ብንገለብጥላቸው፣ ዱዓችንን እዚያው ማሳው ዳር ብናደርገው ምን ይጎድልብናል?

አላህ ያጠፋነውን ይቅር ይበለን፤ ቀጥተኛውን መንገድ ይምራን። አሚን።