የልብስ ማጠቢያ ማሽን ስንመርጥ ለጦሃራም ለጤናም እናስብ



አንዲት እህት ለስምንት ወር ልጇ የቆዳ ቅባት ልትገዛ ለሦስተኛ ጊዜ ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት መጣች። ሽፍታው የሚወጣው አንገቱና ወገቡ ላይ፣ ልብሱ በሚጠብቅበት ቦታ ነው። ሲቀባ ይጠፋል፣ ቅባቱ ሲቆም ይመለሳል። ልብሱን እንዴት እንደምታጥብ ስጠይቃት፣ ባለሁለት ገንዳ ማሽን እንዳላቸውና የቤተሰቡን ልብስ ሁሉ በአንድ ሙሌት ውሃ አጥባ፣ ጨምቃ እንደምታሰጣ ነገረችኝ። ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ለመሆኑ በዚህ ልብስ መስገድ ይቻላል?» አለች። የሁለቱም ጥያቄ መልስ ያለው ማለቅለቁ ላይ ነው።

ማሽን ሊገዛ የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ስንት ኪሎ እንደሚይዝና የየት አገር ምርት እንደሆነ ነው። ከዚያ በፊት ግን «ስንት ጊዜ በንጹህ ውሃ ያለቀልቃል?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ሙሉ ኦቶማቲክ የሆነው ማሽን ያጠበበትን ውሃ ራሱ አስወጥቶ፣ አዲስ እየሞላ ደጋግሞ ያለቀልቃል። በባለሁለት ገንዳው ግን ውሃውን የሚለውጠው ሰው ነው፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ማን ደጋግሞ ይለውጣል? የሳሙናው ቅሪት ልብሱ ላይ ይቀርና የሕፃኑን ቆዳ ያስቆጣዋል።

ወደ ጦሃራው ስንመጣ፣ በሻፊዒይ መዝሀብ ከቁለተይን (ወደ 200 ሊትር ገደማ ይገመታል) ያነሰ ውሃ ውስጥ ነጃሳ ሲገባ ውሃው ይነጀሳል። የማሽን ገንዳ ደግሞ ይህን ያህል አይይዝም። በሐነፊይ መዝሀብ የማይታይ ነጃሳ ያለበት ልብስ ሦስት ጊዜ ይታጠባል፣ በየጊዜውም ይጨመቃል። ባለሁለት ገንዳ ያለን ሰዎች እንግዲህ የሽንት ጨርቁን ለብቻው ለይተን፣ የሚታየውን ነጃሳ አስወግደን፣ ሽታውና ቀለሙ እስኪጠፋ ንጹህ ውሃ እያፈሰስንበት እንጠበው፤ ከሌላው ልብስ ጋር የምንቀላቅለው ከዚያ በኋላ ነው። ኦቶማቲኩ ደጋግሞ በንጹህ ውሃ አጥቦ የነጃሳው ምልክት ከጠፋ ልብሱ እንደሚጠራ በርካታ የዘመናችን ዑለማዎች ይገልጻሉ። ዝርዝሩን ኡስታዞቻችንን እንጠይቅ።

ታዲያ ሁላችንም ኦቶማቲክ እንግዛ ማለቴ አይደለም። ኦቶማቲኩ በቂ ግፊት ያለው ውሃ ይፈልጋል፤ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ሮቶ ከሌለና ቧንቧው ከተቋረጠ መሃል ላይ ቆሞ ይቀራል። ባለሁለት ገንዳው በባልዲም ይሞላል። ከውጭ ያመጣነው ከሆነ ከጀርባው የተጻፈውን ቮልት እንይ፤ የእኛ አገር 220 ነው፣ ከሳዑዲ የሚመጡ አንዳንድ የቆዩ እቃዎች ግን በ127 የሚሠሩ ናቸው።

ቤት ውስጥ ሕመምተኛ ወይም ትናንሽ ልጆች ካሉ ውሃውን ራሱ የሚያሞቅ ማሽን ይመረጣል። 60 ዲግሪ አብዛኞቹን ጀርሞች ይገድላል። እከክ የያዘው ሰው ካለ፣ ባለፉት ሦስት ቀናት የለበሰውና የተኛበት ጨርቅ ሁሉ በሙቅ ውሃ መታጠብ አለበት፤ ቅባቱ ብቻውን አይበቃም። ከፊት ለፊት የሚከፈቱት አብዛኞቹ ማሞቂያ አላቸው፤ ከላይ የሚከፈቱት ብዙዎቹ የላቸውም። ማሞቂያው 2000 ዋት ገደማ ስለሚወስድ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት አብረን አናብራው፤ በኤክስቴንሽንም አንሰካው።

የኪሎው ነገር ቀላል ነው። 7 ኪሎ ማለት የደረቅ ልብስ ክብደት ነው። ገንዳው ታጭቆ ከሞላ ውሃው አይዘዋወርም፣ አይለቀለቅምም፤ ጋቢና ብርድ ልብስ ለሚያጥብ ቤት ትልቁ ይሻላል።

አንድ ነገር ግን እንደ ፋርማሲ ባለሙያ ሳልናገር አላልፍም። በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ፤ ሽንት ያለበትንም ጨርቅ በውሃ ሳታለቀልቁ በረኪና አታፍሱበት፤ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣል። ወደ ውሃ ላስቲክ ገልብጣችሁም አታስቀምጡት። ልጅ ከጠጣው ደግሞ እንዲያስመልስ አታድርጉ፤ አፉን አጉመጥምጣችሁ ወዲያው ወደ ሐኪም ውሰዱት።

ያቺ እህት ማሽኗን አልለወጠችም። የዱቄት ሳሙናውን በግማሽ ቀነሰች፣ የልጇን ልብስ ለየች፣ ሁለት ጊዜ በአዲስ ውሃ ታለቀልቀው ጀመር። በቀደም ስትመጣ ቅባት አልጠየቀችም፤ ለራሷ የጉንፋን መድኃኒት ልትገዛ ነበር።