ዘርና ስንቁ

በሕንድና በፓኪስታን በቆሎ ወይም ሽምብራ የሚዘሩ አንዳንድ ገበሬዎች ዘሩን በውኃ ዘፍዝፈው ያሳድሩታል፤ በማግሥቱም አጠንፍፈው ይዘሩታል። እንዲህ የተዘጋጀ ዘር ፈጥኖ ይበቅላል። በዘመናችን ደግሞ ተመራማሪዎች በመዘፍዘፊያው ውኃ ላይ እጅግ የደቀቀ የዚንክ ኦክሳይድ ዱቄት ይጨምራሉ። የአንዱ ቅንጣት ስፋት ከ100 ናኖሜትር አይበልጥም። አንድ ናኖሜትር የአንድ ሜትር ቢሊዮንኛ እጅ ነው፤ በዓይን ማየት ቀርቶ ማሰቡም ያዳግታል። ዚንክ ለቡቃያ አስፈላጊ ምግብ በመሆኑ፣ አፈሩ ዚንክ ቢያንሰው እንኳ ዘሩ ጥቂት ስንቅ ይዞ ይገባል።

ይሁን እንጂ መጠኑ ሲያልፍ ስንቁ መርዝ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ አንድ ጥናት፣ በአንድ ሊትር ውኃ 2000 ሚሊግራም፣ ማለትም ሁለት ግራም ብቻ፣ ሲጨመር የሰላጣና የኪያር ሥር ማደጉን አቆመ ለማለት ይቻላል። የበቆሎው ዘርም የመብቀል ኃይሉ ቀነሰ።