ከጆሮ ጀርባ ያለው ጉብታ

በአናቶሚ መጻሕፍት «ፕሮሰስ» የሚለውን ቃል «ሂደት» ብለን ብንተረጉመው እንሳሳታለን፤ ቃሉ ከአጥንት ገጽ ወጣ ያለ ጉብታን ያመለክታል። ሥርወ ቃሉ በላቲን «ወደ ፊት መሄድ» ስለሆነ ግን ዝምድናው ጨርሶ የራቀ አይደለም።

ጣታችንን ከጆሯችን ጀርባ ብናሳርፍ የምንዳስሰው ጠንካራ ጉብታ ማስቶይድ ፕሮሰስ ይባላል፤ «ማስቶይድ» በግሪክኛ «ጡት መሰል» ማለት ነው። ራስን ወደ ጎን የሚያዞረው ትልቁ የአንገት ጡንቻ የሚያያዘው በዚሁ ላይ ነው። አዲስ በተወለደ ሕፃን ይህ ጉብታ ገና አልወጣም፤ ሕፃኑ አንገቱን ካጸና በኋላ ጡንቻው እየሳበው ቀስ በቀስ ያድጋል። እስከዚያው የፊት ጡንቻዎችን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ከራስ ቅል በሚወጣበት ስፍራ ከቆዳ ሥር ያለ ከለላ ይቆያል። ስለዚህ በምጥ ጊዜ ሕፃኑን ለማውጣት የሚያገለግለው መቆንጠጫ እዚያ ላይ ከተጫነ የሕፃኑ ፊት በአንድ ወገን ሊሽመደመድ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ይድናል።