ዶርዜ ስትወጪ

ከዚያ ሻንጣ ግማሹን አውጪው፤ በተለይ እነዚያን ስስ ቀሚሶች። አርባ ምንጭ ይሞቃል ያሉሽ እውነታቸውን ነው፤ ግን አንቺ የምታድሪው ከተማው ውስጥ አይደለም። አርባ ምንጭ ወደ 1300 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለው፤ ዶርዜና ጨንቻ ደግሞ ከ2500 ሜትር በላይ ናቸው። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ብትሄጂ ነው፤ ከማንጎና ከሙዝ አገር ወጥተሽ ገብስና እንሰት መሃል ትገቢያለሽ። የኅዳር ሌሊት እዚያ አጥንት ድረስ ይገባል። ወፍራም ሹራብ፣ ሁለት ካልሲ፣ ጭቃ የሚችል ጫማ፣ የእማዬን ጋቢ ያዢ። ጋቢውን እንዳትተዪው። ሽሮ ሜዳ ስንገዛው የሸመኑት ጋሼ አገራቸው ጨንቻ መሆኑን ነግረውን ነበር፤ ወደ እሳቸው አገር ነው የምትሄጂው።

ደግሞ ከጓደኛሽ ጋር ስልክሽ ላይ የጻፋችሁትን ከትከሻሽ በላይ አየሁት። ‹ዶርዜ፦ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት› ይላል። እሱን አሁኑኑ አጥፊው። ከአርባ ምንጭ ሎጅ ጠዋት ተነሥቶ ወጥቶ፣ ቤቱን አይቶ፣ ቆጮ በማርና በዳጣ ቀምሶ፣ አረቄ ተጎንጭቶ፣ ለጭፈራው አጨብጭቦ ለምሳ የሚወርድ ሰው ብዙ ነው። ለመንደሩ ገቢ ነውና አልነቅፈውም። አንቺ ግን ቢያንስ ሁለት ሌሊት እደሪ። የአካባቢው ሰዎች ራሳቸው የሚያስተዳድሯቸው፣ በዚያው በቀርከሃው ቤት የሚያሳድሩ ማረፊያዎች አሉ። የመንደሩ የራሱ ሰዓት የሚጀምረው ጎብኚው ወርዶ ካለቀ በኋላ ነው። ከብቱ ይገባል፣ ጭሱ በየጣሪያው ሰንጥቆ ይወጣል፣ ጉሙ ከላይ ይመጣል፣ ከአንዱ ቤት የሸማኔ ምት ይሰማል። ሰው ከልቡ ማውራት የሚጀምረው ያኔ ነው። ‹ፀጥ ያለ ቦታ ምን ይሠራል?› ያለችሽን ጓደኛሽን እዚያው ቁጭ አድርገሽ አሳዪያት።

መንገዱን በአጭሩ ልንገርሽ። ከመካኒሳ በጀሞ ወጥታችሁ ዓለም ገና ስትደርሱ የቡታጅራውን መስመር ያዙ። መልካ ቁንጡሬንና ጢያን እግረ መንገዳችሁን ታገኟቸዋላችሁ። ጢያ ላይ ግማሽ ሰዓት ቁሙ፤ በ1980 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የመዘገባቸው ትክል ድንጋዮች ከመኪና መስኮት የሚታዩ ነገሮች አይደሉም። ከዚያ ሆሳዕና፣ ሶዶ። ሶዶ ሲመሽባችሁ እደሩ፤ በጨለማ አትንዱ፤ ከመነሣታችሁ በፊትም ከዚያ የመጣ ሾፌር ስለ መንገዱ ጠይቁ። ወደ ዶርዜ የሚወጣውን ዳገት በብርሃን ውጡት። አንዱ ምክንያት ጉሙ ነው። ሌላው ደግሞ፣ ከፍ ባላችሁ ቁጥር ከኋላችሁ አባያና ጫሞ ይገለጣሉ፤ አባያ ቀላ ያለ ነው፣ ጫሞ ሰማያዊ፤ በመካከላቸው ያለው መሬት የነጭ ሣር ፓርክ ነው።

በዚያ ዳገት ላይ ልጆች ታያለሽ። መኪና ሲመጣ ይጨፍራሉ፣ በጭንቅላታቸው ይቆማሉ፣ ከመኪናው ጎን ይሮጣሉ። ልብሽ ይራራል፤ አውቅሻለሁ። ከመስኮት ግን ብርም ከረሜላም አትወርውሪ። ጠመዝማዛ መንገድ ነው፤ ብር ለማንሣት ጎማ ሥር የሚገባ ልጅ አለ። በትምህርት ሰዓት መንገድ ዳር የሚውለውም ብር የሚወረውር ስላለ ነው። ለልጆች የሚሆን ነገር ይዘሽ ከሆነ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ገዝተሽ ለትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር በእጅ ስጪ።

ቤት ስትገቢ ዝቅ በይ። በሩ አጭር ነው። ከፊት ለፊቱ የወጣው ክፍል እንደ ዝሆን ግንባር ይመስላል፤ ሁለቱ የጭስ መውጫዎች ዓይኖች ናቸው የሚሉም አሉ። ቤቱ በሙሉ የተሠራው ከተሰነጠቀ ቀርከሃ ነው፤ ልብሱ የእንሰት ቅጠል ነው። አዲስ ሲሠራ እስከ 12 ሜትር ይቆማል። ከዚያ ምስጥ ከሥሩ ይበላዋል፤ ሰዎቹ የተበላውን ቆርጠው ያወጡታል፤ ቤቱ በየዘመኑ እያጠረ ለአሥርተ ዓመታት ይኖራል። ስለዚህ አጭር ቤት ስታዪ ድህነት ነው ብለሽ እንዳታስቢ፤ ዕድሜ ነው። ቦታ መቀየር ካስፈለገም ጎረቤት ተጠራርቶ ቤቱን እንዳለ አንሥቶ ይወስደዋል። ውስጡ መጀመሪያ ይጨልምብሻል፤ ስልክሽን አብርተሽ አትግቢ፣ ዓይንሽ እስኪለምድ ታገሺ። በአንድ በኩል ከብቶቹ ናቸው፤ ትንፋሻቸው ቤቱን ያሞቀዋል። ጭሱም ቢያስለቅስሽ ቀርከሃውን ከነቀዝ የሚጠብቀው እሱ ነውና ‹ምነው መስኮት ብትከፍቱለት?› እንዳትዪ። በደቡብ ህንድ የኒልጊሪ ኮረብታዎች የሚኖሩት ቶዳዎችም ከቀርከሃና ከሣር የሚሠሩት ቤት በሩ ተጎንብሰው የሚገቡበት ነው። ብርድ ባለበት ተራራ የኖረ ሰው የትም ቢሆን ሙቀቱን እንዴት እንደሚያቆይ ያውቃል፤ ከእኛ ከኮንዶሚኒየም ሰዎች የሚፈልገው ምክር የለም።

ሰላምታ ላይ አትቸኩዪ። በአማርኛም ይግባባሉ፤ ግን ‹ሳሮ› ብለሽ ጀምሪ፤ ፊታቸው ሲፈታ ታያለሽ። ሽማግሌ ሲመጣ ተነሺ። አማርኛው ላይ ደግሞ ‹እርስዎ› እንዳትረሺ፤ ገጠር ነው ብሎ ሽማግሌውን ሁሉ ‹አንተ› የሚል የከተማ ልጅ አይቻለሁና ያንን ከአንቺ መስማት አልፈልግም። እዚህ መካኒሳ አቦ የሰፈሩን እማማ በምትጠሪያቸው አጠራር ጥሪያቸው።

ደግሞ አንድ ነገር። እኛ አዲስ አበባ የሸመነን ሁሉ ‹ዶርዜ› እንላለን፤ ስድብ አድርገው የሚጠሩበትም አሉ። ዶርዜ ከጋሞ ደጋ ሕዝቦች አንዱ ነው፤ ከጎኑ ዶኮ አለ፣ ዲታ አለ፣ ኦቾሎ አለ፣ ቦንኬ አለ። ሰውን አገሩን ጠይቂው እንጂ በሥራው ስም አትጥሪው። በየወሩ በ5 አቦን ልንሳለም ስንሄድ ደጁን የሚያነጣው ነጠላ አብዛኛው ከእነዚህ ሰዎች እጅ የወጣ ነው። ለዘመናት እሱን ለብሰን ሸማኔውን ንቀነዋል፤ ይህ ነገር ያሳፍረኛል፤ አንቺ ይዘሽው እንድትሄጂ አልፈልግም።

ሽመናውን ስታዪ ከጥጡ ጀምሪ። ደጋው ጥጥ አያበቅልም፤ ከቆላው ነው የሚመጣለት። ሴቶቹ ይነድፉታል፣ ባዘቶውን በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ በድሩ መሃል መወርወሪያውን ያመላልሳል። አንድ ክንድ ያህል ጨርቅ እስኪረዝም ድረስ ዝም ብለሽ ቁጭ በይ፤ ከዚያ በኋላ በዋጋ የምትከራከሪበት አፍ አይኖርሽም። ክርክር ነውር ነው ማለቴ አይደለም፤ ገበያ ላይ ክርክር ወግ ነው። ዶርዜ ሰኞና ሐሙስ ይገበያል፤ ጨንቻ ማክሰኞና ቅዳሜ፤ እዚያ እንደ ሰው ሁሉ ተከራከሪ። ሸማኔው ቤት ተቀምጠሽ፣ ቡናውን ጠጥተሽ፣ ግማሽ ዋጋ መጥራት ግን ልክ አይደለም። በፋብሪካ የታተመ የጥለት ምስል ያለው ጨርቅ ገበያውን በሞላበት ጊዜ፣ የእጅ ሥራ የሚያቆየው ተገቢውን የሚከፍል ሰው ነው። ለእኔ ነጠላ አታምጪልኝ፤ ዱንጉዛ አምጪልኝ፤ ቀዩ፣ ቢጫውና ጥቁሩ ደማቅ የሆነውን።

ምግቡን አትፍሪ። ቆጮውን ከመብላትሽ በፊት ሲዘጋጅ እዪ። እንሰቱ ለዚህ ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ ሴቲቱ ግንዱን በቀርከሃ ትፍቀዋለች፣ በቅጠል ጠቅልላ ጉድጓድ ውስጥ ቀብራ ታቦካዋለች፣ ከዚያ ጨምቃ፣ ከትፋ፣ ጠፍጥፋ ምጣድ ላይ ትጥለዋለች። ሽታው ላንቺ አዲስ ከሆነ ፊትሽን አታጨማጂ። አገራችን ውስጥ ወደ 20 ሚሊዮን ሰው በእንሰት ነው የሚኖረው፤ ተክሉን ለምግብነት ያላመደ አገር ደግሞ ከእኛ ሌላ የለም። ጾሙ ኅዳር 15 ስለሚገባ ለአንቺም ይመቻል። ዳጣው ይነዳል፤ ትንሽ ትንሽ ውሰጂ። አረቄውን ካልፈለግሽ በሁለት እጅሽ ተቀብለሽ ከንፈርሽን አስነክተሽ መልሺ፤ ይበቃል። ከተገኘ የጨንቻ አፕል ብዪ፤ ሚስዮናውያን ያመጡት ተክል ነው፣ ዛሬ የብዙ ቤት ገቢ ሆኗል።

ማታ እሳት ዳር ይተረክልሻል። ነብር ክርስቲያን ነው፣ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል ሲሉሽ እንዳትስቂ። ከብታቸውን ግን በጾሙ ቀንም ይጠብቃሉ። ዳን ስፐርበር የሚባል ፈረንሳዊ የሰው ባህል ተመራማሪ ዶርዜ ኖሮ ይህንኑ ሰምቷል፤ በ1974 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ትልቅ መጽሐፉ ውስጥም ይህችው ነብር አለች። እሱ ቁም ነገር ብሎ ዓመታት ያሰበበትን ነገር አንቺ በአንድ ሳቅ አትለፊው። ጠይቂ፤ ደስ ብሏቸው ያስረዱሻል።

ስትዘዋወሪ ዛፍ አትቀንጥሺ፣ ጥቅጥቅ ያለ ደን ውስጥ ብቻሽን አትግቢ። በጋሞ ደጋ አያቶች ያከበሯቸው፣ መጥረቢያ የማይነካቸው ደኖች አሉ። ጎሜ የሚሉት ነገርም አለ፤ ድንበር የገፋ፣ የተጣላ፣ ነውር የሠራ ሰው ራሱን ብቻ አይደለም የሚጎዳው፤ ዝናቡም ሰብሉም ከብቱም ይታወካል ይላሉ። ሰዎች ዱቡሻ ላይ ተሰብስበው ካየሽ ስልክሽን ኪስሽ ክተቺ። ያ ሸንጎ ነው፤ ሰው ይታረቅበታል። መስከረም 2011 ላይ ቡራዩ ውስጥ የጋሞ ተወላጆች ሲገደሉ፣ አርባ ምንጭ ላይ በቀል ሊወጡ የተነሡ ወጣቶችን የመለሷቸው የጋሞ ሽማግሌዎች ናቸው። እርጥብ ሣር ይዘው አስፋልት ላይ ተንበረከኩላቸው። ወገኖቻቸው የተገደሉባቸው ሰዎች ናቸው የተንበረከኩት፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር እንባዬ ይመጣል። እንዲህ ያለ ሽማግሌ ፊት ነው የምትቀርቢው።

አሁን የምነግርሽን ግን ከሁሉ አስበልጠሽ ስሚኝ። ሁለተኛው ቀን ላይ፣ ከተላመዳችሁ በኋላ፣ አንዷ እናት ‹ልጄን አዲስ አበባ ውሰጂልኝ፣ እያገዘችሽ ትማርልኛለች› ልትልሽ ትችላለች። እሺ እንዳትዪ። ‹እስቲ አስብበታለሁ› ብለሽም ተስፋ አትስጪ። ከጋሞ ደጋ ስንት ልጅ ‹ትምህርት ቤት ትገባለህ› ተብሎ መጥቶ በሽሮ ሜዳና በጉለሌ ጓዳዎች ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ሲሸምን ኖሯል። የሚያመጣቸው ሰው ሁሉ ክፉ አልነበረም፤ በደግነት የጀመረም አለ። እናቲቱ የምትጠይቅሽ ልጇን ስለማትወድ አይደለም፤ መሬቱ ጠባብ ነው፣ ልጁ ብዙ ነው። እውነት መርዳት ከፈለግሽ፣ ልጅቷ እዚያው ጨንቻ እየተማረች የሚያስፈልጋትን ጠይቂና የምትችዪውን ብቻ ቃል ግቢ፤ ከገባሽም ፈጽሚው። ካልቻልሽ ደግሞ ‹አልችልም እማማ› በያት፤ ትረዳሻለች። የማይመጣ ነገር ስትጠብቅ ዓመት ከምታሳልፍ ይሻላታል።

ፎቶ ከማንሣትሽ በፊት ጠይቂ፤ ብር ከጠየቁሽም አትቀየሚ፤ ፊታቸውን ስንት ሰው ይዞ ሄዷል። ካነሣሽ ስማቸውን ደብተርሽ ላይ ጻፊ፣ አዲስ አበባ ዘመድ እንዳላቸውም ጠይቂ፤ የሌለው ቤት እምብዛም ነው። ስትመለሺ እዚሁ መካኒሳ አሳትመሽ፣ ከጀርባው ስማቸውን ጽፈሽ፣ ሽሮ ሜዳ ላለው ልጃቸው አድርሺለት። ለመስቀል ሁሉም አገሩ ይገባል፤ እሱ ይዞላቸው ይሄዳል።

በይ አሁን ሱቁ ሳይዘጋ ውጪና ሁለት ኪሎ ቡና፣ ስኳርና ሳሙና ግዢ። ቡናው ያልተቆላ ይሁን፤ እነሱ ራሳቸው ይቁሉት።