በቅዱስ ቁርባን ፊት ስለ መቀመጥ፦ ለክርስትና ልጄ

ልጄ፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ትምህርት ከጀመርሽ ወዲህ ሁለት ነገር ጠይቀሽኛል። «ለቅዱስ ቁርባን ስግደት ስሄድ ምን ላድርግ? ጓደኞቼ ሲጠይቁኝስ ምን ልበል?» ብለሻል። የመጀመሪያውን በደንብ ከያዝሽ ሁለተኛው አያስጨንቅሽም። እንግዲህ ስሚኝ።

1. ቅዳሴን አስቀድሚ። የምንሰግድለት ቅዱስ ቁርባን በቅዳሴ የተቀደሰው ነው። እሑድ ቅዳሴ እየቀረሽ በሌላ ቀን ሰዓት ሙሉ ብትንበረከኪ ነገሩ ተገላበጠ። ስግደቱ የቅዳሴው ቀጣይ ነው፤ ስትቆርቢ በችኮላ ያልሽውን «አሜን» ረጋ ብለሽ የምትደግሚበት ሰዓት ነው።

2. ልማዱ ከየት እንደመጣ እወቂ። ጥንት ቅዱስ ቁርባን ከቅዳሴ በኋላ ይቀመጥ የነበረው ለሕመምተኞች ነው። ቆይቶ በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን በፊቱ መጸለይ እየተስፋፋ ሄደ፤ ጳጳስ ኡርባኖስ አራተኛም እ.ኤ.አ. በ1264 የቅዱስ ቁርባንን በዓል ለመላው ቤተ ክርስቲያናቸው ደነገጉ። በኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን ዘንድ ግን የተቀደሰው በዚያው ቅዳሴ ይፈጸማል እንጂ ለስግደት አይቀመጥም። እኛ የግእዝ ሥርዓት ካቶሊኮች ልማዱን ከላቲኖቹ ወስደነዋል፤ ይህን መናገር አያሳፍርም። እምነቱ ግን ባዕድ አይደለም። ሥጋ ወደሙ ሲወጣ የጎንደር ምእመን ግንባሩን መሬት የሚያስነካው ለማን ይመስልሻል?

3. የሚደረገውን አስተውዪ። ካህኑ ቅዱስ ቁርባኑን በመስተዋት በኩል በሚታይበት ዕቃ አድርጎ በመንበሩ ላይ ያኖረዋል፤ ያጥናል፤ ይዘመራል፤ ከዚያ ዝምታ ይሆናል። በመጨረሻ ሲባርክ ዕቃውን በባዶ እጁ አይዝም። በትከሻው የደረበውን ልብስ ጫፍ እጁ ላይ ጠቅልሎ ያነሳዋል፤ በመስቀል ምልክትም ያማትብበታል እንጂ ቃል አይናገርም። የሚባርከው ካህኑ ሳይሆን ጌታ መሆኑን ለማሳየት ነው። ይህን ያየ ሰው ስብከት አያስፈልገውም።

4. ብዙ አትናገሪ። ለቅሶ ቤት የሄደ ሰው ወሬ አያበዛም፤ መጥቶ መቀመጡ ራሱ ይበቃል። እዚህም እንደዚያው ነው። በሩብ ሰዓት ጀምሪ። ስልክሽን አጥፊ። ከወንጌል አንድ አጭር ክፍል ይዘሽ ግቢ፤ ሐሳብሽ ወደ ፈተናና ወደ ቤተሰብ ሲሸሽ ወደዚያው መልሺው። አሥር ጊዜ ቢሸሽ አሥር ጊዜ መመለስ ነው፤ ጸሎቱም እሱው ነው። ምንም ሳይሰማሽ ብትወጪ «ከሰርኩ» አትበዪ፤ የሄድሽው ስሜት ልትለቅሚ አይደለም።

5. ያለሽበትን ከተማ እወቂ። ጎንደር ስለ ካቶሊክ የምታስታውሰው ቀላል ነገር አይደለም። ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 ካቶሊክነታቸውን አወጁ፤ አገር ተከፋፈለ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 የቀደመው እምነት ተመለሰ፤ ጎንደርን የቆረቆሩትም ኢየሱሳውያን የሚባሉትን የካቶሊክ ሚስዮናውያን ያስወጡት ዐፄ ፋሲለደስ ናቸው። በ1716 ደግሞ የካቶሊክ ሚስዮናዊው ሊበራቶ ቫይስና ሁለት ፍራንቸስካውያን ጓደኞቹ እዚሁ ጎንደር በድንጋይ ተወግረው ሞቱ። ቁስሉ በሁለቱም ወገን ነው። ስለዚህ ጓደኛሽ ስትጠይቅሽ ክርክር አትግጠሚ፤ «እኛ እንበልጣለን» የሚል ቃልም ከአፍሽ አይውጣ። «ጌታ በዚያ አለ ብዬ ስለማምን እሰግዳለሁ» ብትያት ይበቃል። እርሷም ለቅዱስ ቁርባን ስንት ሰዓት ጾማ እንደምትቀርብ አትርሺ።

6. መሄድ ሲያቅትሽ አትተዪው። ጎንደር ውስጥ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በየሰፈሩ አታገኚም፤ በዚህ በኩል መንገዱም ሰላም የማይሆንበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ አልጋሽ ጫፍ ላይ ተቀምጠሽ በመንፈስ ቁረቢ፦ ጌታን እንደምትሺው ንገሪው፤ ወደ ልብሽ እንዲገባ ለምኚው። አቡነ ያዕቆብ የምንላቸው ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ እ.ኤ.አ. በ1854 እዚሁ ጎንደር ታስረው ነበር። አብረዋቸው የታሰሩት የጎጃሙ ሊቅ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልም በማግሥቱ ዓመት በሰንሰለት እንዳሉ ዐረፉ። እስረኛ እንደ ልቡ ቤተ ክርስቲያን አይገባም፤ እነርሱ ግን እምነታቸውን አልጣሉም። አንቺም ተዘጋ በተባለ በር ምክንያት ጸሎትሽን አትዝጊ።

7. ስትወጪ ሰው ፈልጊ። የማዘር ቴሬዛ እኅቶች እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በየቀኑ አንድ ሰዓት በቅዱስ ቁርባን ፊት እንዲሆኑ ወስነዋል፤ በዚያው ዓመት ነው አዲስ አበባ የገቡትም። ሥራቸው አልጋ የያዘን ማጠብ፣ የተጣለን ማንሣት ነው። ያን ያህል ሥራ ያለበት ሰው አንድ ሰዓት ከየት ያመጣል ቢባል፣ ለሥራው ጉልበት የሚያገኙት ከዚያው ነው። አንቺም ራስሽን በዚህ መዝኚ፦ የሰገድሽበትን ሰዓት ርዝመት አትቁጠሪ። ዶርም ውስጥ የምታስቸግርሽን ልጅ ከድሮው ይልቅ ከታገሥሻት፣ ማስታወሻሽን ለደከመው ካዋስሽ፣ የታመመውን ክሊኒክ ካደረስሽ፣ ስግደትሽ መንገዱን ይዟል። እነዚህ ከሌሉ ግን ሰዓቱን ከመጨመርሽ በፊት ከዚያች ልጅ ጋር ታረቂ።