ከልብስ ሥር የሚታጠቁትን ሽጉጥ ሲመርጡ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ከሚኖሩ ወገኖቻችን መካከል ሱቅ አምሽተው የሚዘጉ፣ ሌሊቱን ሲያሽከረክሩ የሚያድሩ ብዙ ናቸው። ከእነሱ አንዱ ራሱን ለመጠበቅ ሽጉጥ መታጠቅ ሲያስብ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የቱ ይሻላል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ከእሱ በፊት መልስ የሚሹ ሌሎች አሉ። እነዚያን የዘለለ ሰው ጥሩ ሽጉጥ ገዝቶ እስር ቤት ሊገባ፣ ወይም ልጁን ሊያጣ ይችላል። የሚከተለው ምክር ለዚሁ አካባቢ ነዋሪ የተጻፈ ነው። በሌላ ስቴት ያለ አንባቢ ስለ መሣሪያው የተባለውን ይውሰድ፤ ሕጉን ግን ከራሱ ስቴት ይጠይቅ።

1. መያዝ የሚፈቀድልዎ መሆኑን ያረጋግጡ

ከነጋዴ ሲገዙ 4473 የተባለውን የፌዴራል ቅጽ ይሞላሉ፤ ስምዎም በኤፍቢአይ የማጣሪያ ሥርዓት ይታያል። ከነጋዴ ሽጉጥ ለመግዛት 21 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። ዜጋና ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል። በጎብኚ ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ግን፣ ከጥቂት ጠባብ ሁኔታዎች በቀር፣ መግዛት ቀርቶ መያዝም አይፈቀድለትም። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያልተቋጨ ሰው ጠበቃ ሳያማክር ሽጉጥ በእጁ ባይነካ ይሻለዋል። በቤት ውስጥ ጥቃት የተፈረደበት፣ ክሱ ቀላል ወንጀል ቢሆንም እንኳ፣ ተከልክሏል።

ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ነገር አለ። ቅጹ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ዕፅ ተጠቃሚ መሆንዎን ይጠይቃል። በጫት ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ከተከለከሉት ዕፆች መካከል ነው። ማሪዋና ደግሞ ስቴቱ ቢፈቅደውም እንኳ ከጥያቄው እንደማያስጥል ቅጹ ራሱ ይናገራል። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚቅም ሰው «አልጠቀምም» ብሎ ቢፈርም በሐሰት መፈረሙ ነው። መግዛት ለማይችል ጓደኛ ወይም ዘመድ በራስ ስም ገዝቶ መስጠትም ከባድ የፌዴራል ወንጀል ነው። ውለታ መስሎ የሚጀመር ነገር ስለሆነ ዘመድ ሲለምንዎ እምቢ ለማለት አይፈሩ።

2. በቀን የት የት እንደሚያልፉ ይቁጠሩ

የአካባቢያችን ትልቁ ወጥመድ መንገዱ ነው። ከአሌክሳንድሪያ ተነስቶ በውድሮው ዊልሰን ድልድይ የተሻገረ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሜሪላንድ ነው። የቨርጂኒያ የመታጠቅ ፈቃድ በሜሪላንድም በዲሲም አይሠራም፤ ሁለቱም የራሳቸውን ፈቃድ ብቻ ያውቃሉ። በቨርጂኒያ ፈቃዱን የሚሰጠው በሚኖሩበት ካውንቲ ወይም ከተማ ያለው ሰርኪዩት ኮርት ነው፤ ለ5 ዓመት ያገለግላል፤ ሥልጠናውንም በአካል ተገኝተው መውሰድ አለብዎ። ሜሪላንድ ለመጀመሪያ ጊዜ አመልካች የ16 ሰዓት ሥልጠና ትጠይቃለች። ዲሲ በ16 ሰዓቱ ላይ የ2 ሰዓት የተኩስ ልምምድ ትጨምራለች፤ ፈቃዱም የሚወጣው ከከተማዋ ፖሊስ ነው። በሰኔ 2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ብሩን በተባለው ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ በሜሪላንድ ፈቃድ ማግኘትን አቅልሎታል፤ ድንበር መሻገርን ግን አላቀለለም።

ዜጋ ላልሆነ ሰው አደጋው እጥፍ ነው። የጦር መሣሪያ ጥፋት ግሪን ካርድ ያለውን ሰው እንኳ ከአገር ሊያስባርረው ይችላል። ፈቃድ በሌለዎት ስቴት በኩል ማለፍ ግድ ከሆነ ሽጉጡ ጥይት ሳይኖርበት፣ በቁልፍ ሣጥን ውስጥ፣ ከመኪናው ኋላ ይሁን፤ መነሻዎና መድረሻዎም መያዝ የሚፈቀድልዎ ቦታ ይሁን።

ፖስታ ቤትና የፌዴራል ሕንፃ በየትኛውም ፈቃድ አይገባባቸውም። ኡበር ደግሞ ከ2015 ጀምሮ ሾፌሩም ተሳፋሪውም መሣሪያ እንዳይዙ ከልክሏል፤ ፈቃድ ይዘውም ቢሆን ከሥራ ያስወግድዎታል። የቀኑ አብዛኛው ሰዓት በነዚህ ቦታዎችና በድንበር ማዶ የሚያልፍ ከሆነ መታጠቁ ምን ያህል እንደሚጠቅምዎ እዚህ ላይ ቆም ብለው ያስቡ። ለብዙ ሾፌር የእኔ ምክር «ይቅር» የሚል ነው።

3. እጅዎን ያስለኩ

አሁን ወደ መደብሩ ይግቡ። ሻጩ ካዝናውን አውጥቶ፣ ስላይዱን ከፍቶ ባዶ መሆኑን ያሳይዎ፤ እርስዎም ደግመው ይዩ። አፈሙዙ ወደ ሰው አይዙር፤ ሻጩ ሳይፈቅድ ጣትዎ ቃታ ላይ አይረፍ።

መያዣውን በተቻለ መጠን ከፍ አድርገው ይጨብጡ። አፈሙዙ ከክንድዎ ጋር ቀጥ ሲል የሌባ ጣትዎ የመጀመሪያ አንጓ ሥጋ ቃታው ላይ መድረስ አለበት። ለመድረስ እጅዎን ማዞር ካስፈለገ ያ ሽጉጥ ለእርስዎ ሰፊ ነው። ቀጥለው ያቀባብሉ። የሚጨብጠው እጅ ወደ ፊት ይግፋ፣ ሌላው እጅ ስላይዱን ወደ ኋላ ይሳብ፤ ደጋግመው ይሞክሩት። በጉልበት ብቻ የሚከፈት ከሆነ ይለፉት። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሺልድ ኢዚ የሚባለውን የሠራው ስላይድ መሳብ ለሚያስቸግራቸው ሰዎች ነው፤ የጣት ሕመም ላለባቸውና ለእናቶቻችን ይመቻል።

ለሴት ደንበኛ ትንሽዬ ሪቮልቨር የሚያቀብል ሻጭ አይጠፋም። ይህ ምክር ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው። የኪስ ሪቮልቨር 5 ጥይት ይይዛል፤ ቃታው ከ5 ኪሎ በላይ ጉልበት ይፈልጋል፤ ቀላል ስለሆነም ሲተኮስ እጅን ክፉኛ ይመታል። ልምድ ላለው ሰው ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ለጀማሪ ግን ከሁሉ የከበደው እሱ ነው።

4. የጥይቱን ዓይነት ይወስኑ

እዚህ ላይ ብዙ አይጨነቁ፤ ለአብዛኛው ሰው መልሱ 9 ሚሊ ሜትር ነው። በሚያዝያ 1986 በማያሚ በተደረገው የተኩስ ልውውጥ ሁለት ወኪሎቹ የሞቱበት ኤፍቢአይ ተኳሹን ቶሎ ያላስቆመው የጥይቱ ድክመት ነው ብሎ ወደ ትላልቅ ጥይት ዞረ። ከዓመታት ሙከራ በኋላ ግን ወደ 9 ሚሊ ሜትር ተመልሷል። ዘመናዊው ባለ ክፍት አፍ እርሳስ ልዩነቱን አጥብቦታል፤ መልሶ መምታቱ ቀለል ስለሚልም ወኪሎቹ በተሻለ ፍጥነትና ትክክለኛነት ተኩሰውበታል።

በአገር ቤት ማካሮቭ የለመደ ሰው አንድ ነገር ይወቅ። የማካሮቭ ጥይትም ባለ 9 ይባላል፤ ሆኖም አጭርና ሌላ ዓይነት ነው። ሲገዙ በሣጥኑ ላይ የተጻፈው በሽጉጡ በርሜል ላይ ከተቀረጸው ጋር አንድ መሆኑን ያመሳክሩ። ለልምምድ ሙሉ ሽፋን ያለው ርካሹ ጥይት ይበቃል። ለመታጠቅ ግን ባለ ክፍት አፉን ይምረጡ፤ የመታውን አልፎ ከኋላ ያለውን ሰው የመጉዳት ዕድሉ ያነሰ ነው።

5. ትንሹን ሳይሆን የሚችሉትን ይግዙ

ትንሽ ሽጉጥ ለመደበቅ ይቀላል፣ ለመተኮስ ይከብዳል። ሩገር ኤልሲፒ ባዶውን 300 ግራም አይሞላም፤ ኪስ ውስጥ ይጠፋል፤ ማነጣጠሪያው ግን ደቃቃ ነው፣ ሲተኮስም ይዘላል። ግሎክ 19 በሌላው ጫፍ ነው። ለመተኮስ እጅግ የሚመች፣ 15 ጥይት የሚይዝ ነው፤ ነገር ግን ጥይት ሞልቶ 850 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በበጋ ሸሚዝ ሥር ይታያል። በመካከላቸው ያሉት ሲግ ሳወር ፒ365፣ ግሎክ 43ኤክስና ሺልድ ፕላስ ለአብዛኛው ሰው ይበቃሉ። ቀጫጭን ናቸው፤ ቢያንስ 10 ጥይት ይይዛሉ። ሜሪላንድ ከ10 በላይ የሚይዝ ካዝና መሸጥ ስለምትከለክል ለዚያ ነዋሪ ከዚህ በላይ መፈለግ ትርፉ ጥቂት ነው።

ከመግዛትዎ በፊት የተኩስ ቦታ ሄደው ይከራዩ። ሁለት ሦስት ዓይነት በአንድ ቀን ቢሞክሩ የመደብር ወሬ የማይነግርዎትን ያውቃሉ። አራተኛው ካዝና ላይ እጅዎ መሸሽ ከጀመረ በዋጋው ቢማረኩም ይተዉት።

6. ለማኅደሩና ለቀበቶው ገንዘብ ያስቀሩ

ግሎክ በአውራ ጣት የሚዘጋ መጠበቂያ የለውም። ስለዚህ ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጠንካራ ማኅደር የግድ ነው። ለዚያው ሽጉጥ ሞዴል የተሠራ፣ ሲወጣም አፉ የማይጨፈለቅ ይሁን። ሽጉጡን በባዶ ኪስ ወይም ከቁልፍና ከስልክ ጋር በቦርሳ መያዝ አደገኛ ነው፤ በቦርሳ ከሆነ ለሽጉጥ ብቻ የተለየ ኪስ ይኑረው፣ ቦርሳውም ከትከሻ አይውረድ። ቤት ውስጥ ባዶውን ታጥቀው ይጎንበሱ፣ መኪና ውስጥ ይቀመጡ፣ የሚለብሱትን ልብስ ሁሉ ይሞክሩበት። በተራ ቀበቶ የታጠቀ ሰው የሽጉጡ ክብደት ሱሪውን ሲጎትተው ጠንካራ ቀበቶ ለምን እንደሚያስፈልግ ያኔ ይረዳል።

7. የቤቱን ጉዳይ ከመግዛት በፊት ይጨርሱ

በአሜሪካ በጥይት ከሚሞቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ቤት ውስጥ ያዘነ፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ሱስ የያዘው ሰው ካለ ሽጉጡ ለጊዜው ይቆይ፤ በጭንቀት ጊዜ 988 ላይ ደውሎ ማነጋገር ይቻላል። ልጆች ካሉ፣ የእንግዳ ልጆችም ጭምር፣ ከወገብዎ በወረደ ቁጥር በጣት ወይም በቁጥር የሚከፈት፣ ከግድግዳ ወይም ከአልጋ ጋር የታሰረ የብረት ሣጥን ውስጥ ይግባ። ቁም ሣጥን አናት ልጅ የማይደርስበት ቦታ አይደለም።

8. ከመታጠቅዎ በፊት ይፈትኑት

አዲሱን ሽጉጥ ለልምምድ በሚሆነው ጥይት 200 ያህል፣ ቀጥሎ በሚታጠቁበት ጥይት 50 ያህል ሳይነክስ ከተኮሰ ይመኑት። ቁጥሩ በልማድ የተያዘ እንጂ ሕግ አይደለም። ከነከሰ አጽድተው፣ ካዝና ቀይረው ይድገሙት፤ ችግሩ ከቀጠለ ወደ ሻጩ ይመልሱት። ከዚያ በኋላ በየወሩ አንዴ ተኩስ ቦታ ይሂዱ፤ ሲመለሱም ሽጉጡን አጽድተው፣ እጅዎንም በቀዝቃዛ ውሃና ሳሙና ታጥበው ልጆችዎን ያቅፉ፤ በጥይቱና በማቀጣጠያው ውስጥ ያለው እርሳስ ለሕፃናት መርዝ ነው።