የሕዝብ ሕንፃ በምን ተራ ይተካ? የዳማምና የኮባር ትምህርት

እንደሚታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ1938 ዳህራን ላይ ነዳጅ በገፍ ከተገኘ ወዲህ ዳማምና ኮባር ከትናንሽ የባሕር ዳር መንደርነት ተነሥተው በፍጥነት ከተሞች ሆኑ። በ1953 ዳማም የምሥራቁን ክፍለ ሀገር ርእሰ ከተማነት ከሁፉፍ ስትረከብ መሥሪያ ቤቶችም አብረው መጡ። ታዲያ በዚህ ዳርቻ የተሠራ ኮንክሪት ቶሎ የሚያረጀው ለምንድን ነው?

መልሱ ጨው ነው። ከባሕር ነፋስ፣ ከጨዋማው መሬትና በደንብ ሳይታጠብ ከተቦካ አሸዋና ጠጠር የሚመጣው ጨው ኮንክሪቱ ውስጥ ሰርጎ ብረቱን ያዝገዋል። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል፤ ሙቀቱም ያፋጥነዋል። ስለዚህ አዲስ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ሊያታልለን አይገባም።

ከዚህ ሦስት ነጥቦች እንጨብጣለን።

አንደኛ፣ የሕንፃ እርጅና የሚለካው በዓመት ቁጥር ብቻ ሳይሆን ብረቱ በሚገኝበት ሁኔታ ነው፤ ምርመራ ከዕቅድ ይቀድማል።

ሁለተኛ፣ ተራ የሚሰጠው ለክብር ሳይሆን በአደጋ ቀን ለሚፈለገው አገልግሎት ነው። የእሳት አደጋ ጣቢያ ከማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ይቀድማል፤ ጣቢያው ከተደረመሰ መኪናውም ከነሠራተኛው ይቀበራልና።

ሦስተኛ፣ አዲሱ ሥራ ሳይጀምር አሮጌው አይፈርስም።

ጉዳዩ እኛንም ይመለከታል። በመሐል አገራችን የሚያሰጋው የባሕር ጨው ሳይሆን የመሬት መንቀጥቀጥ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። እንግዲህ የትምህርት ጓዶች፣ ሙያችንን ይዘን ስንመለስ አስቀድመን የምንጠይቀው ይህን ይሁን፦ መሬት በተንቀጠቀጠ ማግስት የትኛው በር መከፈት አለበት?